የሚቆጠርና የማይቆጠር ድምፅ

በጎጃም ቃልን ከሥሩ ይዞ መመርመር የቆየ ልማድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው ደብረ ኤልያስ፣ በብቸና በኩል ባለው ዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ ቤቶች የቅኔ ተማሪ ገና ከጅምሩ ግሥ ይይዛል። እንደ ቀተለና ቀደሰ ያሉት ግሦች አርእስት ይባላሉ፤ በእነሱ ሥርዓት የሚረቡት ደግሞ ሠራዊት። ተማሪው አንዱን ግሥ አንሥቶ ኃላፊውን፣ ትንቢቱን፣ ዘንዱንና ትእዛዙን እያረባ ስሙንና ቅጽሉን ያወጣል። ይህ ትምህርት በልጅነት አእምሮ ላይ የሚተክለው ነገር ቢኖር፣ ጥቂት ፊደላት ካሉት ከአንድ ሥር ብዙ ቃል እንደሚወጣ፣ ቃሎቹ የተጣሉ ቢመስሉም ዝምድናቸው ሊፈለግ እንደሚገባው ነው። የግእዝ እኅት በሆነው በዐረብኛም ሥርዓቱ ይኸው ነው። እዚያ ግን አንድ የሚያስገርም ጉዳይ አለ። ጫጫታንና ሞኝነትን በአንድ ሥር ያሰሩ ቃላት በዐረብኛ ጥቂት አይደሉም፤ ከእነሱም አንዱ ቋንቋ ለሚባለው ለራሱ ስም አውጥቶለታል። ድምፅና ሞኝነት ምን አገናኛቸው? መልሱ ለዐረብኛ ተናጋሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ለፍላፊ፣ ቀባጣሪ፣ ዘባራቂ እያልን ሰው ለምንፈርጅ ለእኛም ነው።

ዋናው ሥር ላም፣ ጋይን፣ ዋው ነው፤ ጋይን ከጉሮሮ የሚወጣው ገ ነው። ከዚህ ሥር «ለግው» ይወጣል፤ ፍሬ ቢስ ንግግር፣ ዋዛ፣ እንቶ ፈንቶ ማለት ነው። ከዚያው ሥር «ሉጋ» ይወጣል፤ ቋንቋ ማለት ነው። የቁርኣን 23ኛው ሱራ አማኞችን ከለግው የሚርቁ ሰዎች ይላቸዋል። በ19ኛውና በ56ኛው ሱራ ደግሞ በገነት የሚኖሩ ሰዎች ለግው እንደማይሰሙ ተነግሯል። እስከዚህ ድረስ ቃሉ ከንቱ ወሬን ብቻ የሚነቅፍ ይመስላል። 41ኛው ሱራ ላይ ግን ተቃዋሚዎች ተሰብስበው ቁርኣን ሲነበብ እንዳይደመጥ፣ ይልቁንም ሰው እንዲንጫጫበት ሲመካከሩ፣ «ተንጫጩበት» የሚለው ትእዛዝ የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። እዚህ ላይ የቃሉ ነገር ይገለጣል። የሚንጫጩት ሰዎች ሞኝ ስለሆኑ አይደለም የሚጮኹት፤ የሌላው ቃል ጆሮ እንዳያገኝ ነው። የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት በዚሁ ሥር የወፎችን ድምፅም አስገብተዋል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን መንዙር ያጠናቀረው «ሊሳን አል ዐረብ» ስለ ወፎች ዜማ፣ ስለ ከንቱ ቃልና ስለ ቋንቋ የሚናገረው በአንድ ርእስ ሥር ነው።

ይህን ዝምድና በቀላሉ ለማስረዳት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ብዙ ሰውም እሱን ይመርጣል። ጫጫታን የሚገልጹ ቃላት ድምፅን ከመቅዳት የተወለዱ ናቸው፤ ሞኝም ትርጉም የሌለው ድምፅ ስለሚያወጣ ስሙን ከዚያ ወሰደ ይላሉ። በእርግጥ የቃሎቹ አሠራር ይህን ይመስላል። በዐረብኛ መለፍለፍ «ሰርሰረ» ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ምላስ በጥርስ መሀል ወጣ ብሎ የሚነገር ሰ ነው። ሁለት ፊደል ይደገምና ቃል ይሆናል። በአማርኛም ለፈለፈ ያው ነው፤ ለና ፈ ተደግመው። ነጎድጓድ፣ ኳኳታ፣ ጋጋታ፣ ጫጫታ፣ ግርግር ሁሉም ድግግሞሽ አለባቸው። ይህን ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አስተውሎ የጻፈ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1002 ያረፈው የሰዋስው ሊቅ ኢብን ጂኒ «አል ኸሷኢስ» በተባለው መጽሐፉ፣ ሁለት ፊደል የሚደገምባቸው ባለ አራት ፊደል ቃላት የድርጊትን መደጋገም እንደሚያሳዩ ገልጿል። ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ የነበረው ኸሊል ኢብን አሕመድ ያለውንም ጠቅሷል፦ ዐረቦች የፌንጣ ድምፅ ረዝሞ ስለሚሰማቸው «ሶረ» አሉት፤ የጭልፊት ድምፅ ግን ቁርጥ ቁርጥ ስለሚል «ሶርሶረ» ብለው ደገሙት። ወደ እኛ ስንመጣም፣ የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ የሚለው ተረት ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ሞኝን ሞኝ ያሰኘው ማልቀሱ አልሆነም፤ ያንኑ መደጋገሙ ነው።

ነገር ግን ማስረጃውን ጠጋ ብሎ ላየው፣ ድምፅን መቅዳት ብቻውን ጉዳዩን አይፈታውም። «ሶልሶለ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል እንውሰድ። ብረት ከብረት ሲነካካ፣ ደረቅ ሸክላ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ የሚጠራ፣ ሁለት ፊደል የተደገመበት ቃል ነው፤ ኢብን ጂኒም ከምሳሌዎቹ መካከል ቆጥሮታል። በአሠራሩ ከ«ሰርሰረ» አይለይም። በ15ኛው ሱራ ሰው የተፈጠረበት ጭቃ በዚህ ሥር «ሶልሷል» ይባላል፤ በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ መጀመሪያ ላይም ራእይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ እንደ ቃጭል ድምፅ መሆኑ በዚሁ ቃል ተነግሯል። በግእዝ ደግሞ የዚህ ሥር ዘመድ ጸናጽል ነው። ቋንቋ መርማሪዎች ጸናጽልን ከዐረብኛው ሶልሶለና ከዕብራይስጡ የጸናጽል ስም ጋር ያዛምዱታል። በደብረ ማርቆስ ቅዱስ ማርቆስም ሆነ በመርጡለ ማርያም በዓል ሲከበር ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ የሚሰማው ያ የብረት ድምፅ፣ በአፈጣጠሩ ከኳኳታ የተለየ አይደለም። ቀጫጭን ብረቶች ላይ የተሰኩ ቅጠሎች ይጋጫሉ፤ በቃ። ሆኖም ዜማው በሚጠይቀው ቦታ፣ በከበሮው ልክ፣ ከሌሎቹ መሪጌቶች ጋር እኩል ስለሚወርድ ማኅሌት ሆነ። ከአንድ ዐይነት የቃል አሠራር አንዱ ለፍላፊ፣ ሌላው ንዋየ ቅድሳት ከወጣ፣ ሞኝነቱን ያመጣው ድምፁ ነው ማለት አይቻልም።

እንጉርጉሮም ይህንኑ ያሳያል። በግእዙ ኦሪት እስራኤላውያን በምድረ በዳ በሙሴ ላይ ሲያጉረመርሙ ግሡ አንጐርጐረ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም አንጎራጎሩ ይላል። ነቀፋ ነው። በጎጃም ገበሬ ቤት ግን ወፍጮ ላይ ያለች ሴት ስታንጎራጉር ማንም አይነቅፋትም፤ ሐዘኗን፣ ናፍቆቷን፣ አንዳንዴም ለባሏ ፊት ለፊት የማትለውን ቅሬታ የምታወጣው በእንጉርጉሮ ነው። ድምፁ ያው፣ ቃሉ ያው፤ ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ።

ሌላ የሚያስረዳ ሥር አለ። የግእዙ ጸርኀ ከዐረብኛው «ሶረኸ» ጋር አንድ ነው፤ ጸ በሷድ፣ ኀ በኻ ልክ ይገጥማል። ሁለቱም ትርጉማቸው ጮኸ ነው። ከጩኸት ሁሉ የከረረው ጩኸት ይኸው ሆኖ ሳለ ከሞኝነት ጋር አልተዛመደም። እንዲያውም በዐረብኛ «ሶሪኽ» የሚለው ስም ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ሰዎችን ይጠራል፤ እርዳታ ፈልጎ የሚጮኸውንም፣ ጩኸቱን ሰምቶ ሊረዳ የሚመጣውንም። የዐረብ ሊቃውንት ተቃራኒ ትርጉም ካላቸው ቃላት ጋር መዝግበውታል። እኔ ግን ተቃርኖ አይታየኝም። ሌሊት አንዲት ሴት እሪ ብትል የጎረቤቱ ወንድ ሁሉ ዱላውን አንሥቶ የሚወጣበት አገር ይህን ቃል በቀላሉ ይረዳዋል። እሪታ ጠሪውንና ተጠሪውን በአንድ ውል ያስራል፤ ሰምቶ ያልወጣ ሰው ነገ በሸንጎ ይወቀሳል፤ ሳይቸገር እሪ ያለም እንዲሁ። ድምፁ ተጠያቂነት አለበት።

እንግዲህ ለእኔ የተገለጠው ይህ ነው፦ እነዚህ ሥሮች ሞኝ የሚሉት የማይቆጠረውን ድምፅ ነው። ተናጋሪው የማይጠየቅበት፣ ሰሚ የማይዘው፣ ከቦታው የወጣ ድምፅ። ለግው በዐረቦች ሕግና ንግድ ውስጥ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ይበቃል። በደም ካሳ የሚከፈሉ ግመሎች ሲቆጠሩ ከእናታቸው ኋላ የሚከተሉ ግልገሎች ለግው ይባሉ ነበር፤ አይቆጠሩም ማለት ነው። ቁርኣን በ2ኛውና በ5ኛው ሱራ የመሐላ ለግው አያስጠይቃችሁም ሲል፣ ልብ ሳያስብበት ከአፍ የሚያመልጠውን መሐላ ማለቱ ነው። በእኛም አገር ሰው በየዐረፍተ ነገሩ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን እያለ ሲናገር ዳኛ መሐላ ብሎ አይዝበትም፤ መስቀል ይዞ ሲምል ግን ይዞበታል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ቡኻሪና ሙስሊም በተባሉት ሁለት የሐዲስ ሰብሳቢዎች የተዘገበው ሐዲስ ነው። በጁምዓ ኢማሙ ኹጥባ የሚባለውን ስብከት እያሰማ ሳለ አጠገቡ ያለውን ሰው ዝም በል ያለ ሰው እሱም ለግው ፈጽሟል ይላል። «ዝም በል» መልካም ምክር ነው፤ ትርጉም አለው፤ ሞኝነት የለበትም። ለግው የሆነው ቦታው ስላልነበረ ነው። አንድ ቃል ጥሩ ትርጉም ይዞ ለግው መሆን ከቻለ፣ ለግው ማለት ትርጉም አልባ ድምፅ ነው የሚለው ፍቺ አይበቃም።

በዚህ በኩል የጎጃም ጉባኤ ቤት አነጋገር ያግዘናል። ቅኔ አይጻፍም፤ ይቆጠራል። ተማሪው ከቀትር በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል፤ ሲጨርስ ለአስነጋሪው ወይም ለየኔታ ይነግራል፤ እሳቸውም ያርሙታል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት ብቻ አለው፤ አንድ ቃል ያለ ሥራ ቢገባ ተነቅሶ ይወጣል። ቅኔው በቤተ ክርስቲያን ሲዘረፍ ግን ግእዝ የማያውቅ ምእመን የሚሰማው ዜማውን ነው። ለእሱ ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አልደረሰውም። ይህ ሰው ቅኔውን ጫጫታ ነው ቢል ተሳስቷል፤ የተሳሳተው ግን በጆሮው እንጂ በድምፁ አይደለም። ድምፅን የሚቆጥረው ተናጋሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ሰሚም ይቆጥራል። ሰሚ መቁጠር ሳይችል ሲቀር ደግሞ ጥፋቱን በተናጋሪው ላይ ማላከክ ይቀለዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለው ከባዱ ተቃውሞ ከራሳቸው ከዐረብ ሊቃውንት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1004 ገደማ ያረፈው ኢብን ፋሪስ «መቃዪስ አል ሉጋ» በተባለው መዝገበ ቃላቱ እያንዳንዱን ሥር ወደ አንድ ወይም ወደ ጥቂት መነሻ ሐሳቦች ይመልሳል። ስለ ለግው ሥር ሲጽፍ መነሻው ሁለት ነው ይላል፦ አንዱ የማይቆጠር ነገር፣ ሁለተኛው በአንድ ነገር መጠመድ፣ ከአንደበት አለመለየት። ቋንቋ ከሁለተኛው ወጣ የሚለውንም አባባል ያመጣል። ኢብን ጂኒ በአንጻሩ ሉጋን «ተናገርሁ» ከሚል ግሥ አውጥቶ ከለግው ጋር ያገናኘዋል፤ ቋንቋንም እያንዳንዱ ሕዝብ ፍላጎቱን የሚገልጽበት ድምፅ ብሎ ይፈታዋል። ኢብን ፋሪስ ልክ ከሆነ ቋንቋና ከንቱ ወሬ በፊደል ብቻ የተገናኙ ባዕዳን ናቸው። ነገሩን ሳስበው ግን የኢብን ፋሪስ ክፍፍል እኔ የያዝሁትን አያፈርስም። እሱ ራሱ ለመጀመሪያው መነሻ የሰጠው ፍቺ «የማይቆጠር» የሚል ነው፤ ጩኸት አላለም፣ ሞኝነት አላለም። ሁለቱ ሥሮች ተለያዩም ተገናኙም፣ ንግግርን ከንቱ የሚያሰኘው መለኪያ አንድ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእኛው ወገን ነው። ዐረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ከሆኑ፣ ማላገጥና ልግጫ ከዐረብኛው «ለገጥ» መጡ፣ ጅልም ከ«ጃሂል» መጣ ለምን አትልም የሚል አንባቢ ይኖራል። ለገጥ የብዙ ሰው ጫጫታ ነው፤ ጃሂል መሃይም፣ ማስተዋል የጎደለው ነው። መመሳሰላቸው ያጓጓል። ነገር ግን የእኅትማማች ቋንቋዎች ፊደላት በደንብ ይለዋወጣሉ። የዐረብኛው ጋይን በግእዝ ዐይን ሆኖ ነው የሚገኘው፤ «መግሪብ» እኛ ጋ ምዕራብ እንደሆነው ሁሉ። የዐረብኛው ጂም ደግሞ በግእዝ ገ ነው፤ «ጀመል» ገመል እንደሆነው። ስለዚህ የለገጥ እኅት ብትኖር በመካከሏ ዐ፣ የጃሂል እኅት ብትኖር በመጀመሪያዋ ገ በያዘች ነበር። በውርስ ካልሆነ በውሰት ነው የሚል ደግሞ መንገዱን ማሳየት አለበት። የውሰት መንገድ ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ወደ ዐባይ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለው የባሶ ገበያ፣ የየጁቤው ማለት ነው፣ ከወዲያ ማዶ በሚመጣ ወርቅ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ የሚደምቅ፣ እስላም ነጋዴዎች የሚመላለሱበት ታላቅ ገበያ ነበር። ሱቅ፣ ደላላ፣ ሸሪክ የመሳሰሉት የዐረብኛ ቃላት ወደ አማርኛ የገቡት በንግድ ነው፤ እቃውና ሥራው ስማቸውን ይዘው መጡ። ለስድብ ቃል ግን ድምፁ ስለገጠመ ብቻ እንዲህ ያለ ታሪክ ልንፈጥርለት አይገባም። በኢየሩሳሌም ብዙ ዓመት የኖሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ ተረክበው የደከሙበትና በ1948 ዓ.ም. በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት የታተመው መዝገበ ቃላት ግእዙን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብ ጋር እያስተያየ የሚሄደው ሥርን ከሥር ጋር በመግጠም ነው፤ እኛም ከዚያ ማነስ የለብንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ እንዲህ ከሆነ ዝም ያለ ሁሉ ብልህ ነው ወይ የሚለው ነው። አይደለም፤ ሥሮቹም እንዲያ አይሉም። በዐረብኛ ለሞኝነት ሌላ ሥር አለ፤ «ሑምቅ»። ኢብን ፋሪስ መነሻው መላላት፣ መድከም፣ መጉደል ነው ይላል፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ልብስ ሲያልቅ በዚህ ግሥ ይነገራል። ድምፅ የለበትም። ለአማርኛ አንባቢ ይህ መንገድ ሊገርመው አይገባም፤ ሰነፍ ዛሬ ሥራ የማይወድ፣ ደካማ ማለት ሲሆን፣ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ግን በልቡ እግዚአብሔር የለም የሚለው ሞኝ ሰነፍ ተብሏል፤ ግእዙ ያንኑ ሰው አብድ ይለዋል። የላላም ዝም ብሎ ይሞኛል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አል ጃሒዝ «አል በያን ወት ተብዪን» የተባለውን ታላቅ መጽሐፉን ሲጀምር ከመቀባጠር እንዲጠበቅ እንደጸለየው ሁሉ አንደበት ከመያዝም እንዲጠበቅ ጸልዮአል። እኛ ዝምታ ወርቅ ነው ስንል የጸሎቱን ግማሽ ብቻ ይዘናል። መናገር በሚገባው ቦታ ዝም ያለ ምስክር ከለፍላፊው ያላነሰ ጥፋት ያደርሳል፤ ዝምታውን ግን አስተዋይነት ብለን እናልፍለታለን።

ይህን ሁሉ ከምር እንድንይዘው የሚያስገድደኝ የፍረጃው ጉዳይ ነው። ሰው ሌላውን ለፍላፊ ሲል የድምፁን መጠን አልለካም፤ ቃልህን አልቆጥርልህም ማለቱ ነው። እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በጎጃም ጉባኤ ቤቶች ቅኔ የተማሩት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን በአንድ ሰው አሳይተውናል። ካሣ ዳምጤ በአገሩ ልማድና በባላባቱ ግፍ ላይ የሚናገረው ሥርዓት ያለው፣ ምክንያት የተከተለ ነገር ነው። አገሬው ግን ነገሩን ተከራክሮ አልረታውም፤ ጉዱ ካሣ የሚል ስም ሰጥቶ እንደ እብድ ቆጠረው፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ መልስ የማይሻ ሆነ። 41ኛው ሱራ ላይ ያሉት ሰዎች በጫጫታ የሠሩትን፣ እዚህ አገሬው በስም ሠራው።

ዐረቦችም በሕዝቦች ላይ ይህን አድርገዋል። ዐይን፣ ጂም፣ ሚም ከሚለው ሥር «ዐጀም» ይወጣል፤ ዐረብኛ አጥርቶ የማይናገር፣ ንግግሩ የማይለይ ባዕድ ማለት ነው። ከዚያው ሥር እንስሳ «ዐጅማእ» ይባላል፤ አንደበት የሌለው ለማለት። ግሪኮች ባዕዱን ሁሉ ባርባሮስ ያሉትም ንግግሩ ባር ባር ብቻ ሆኖ ስለተሰማቸው ነው። ደግሞም ከዚሁ ከዐጀም ሥር፣ ፊደል ላይ ነጥብ አድርጎ ብዥታውን ማጥፋትን የሚያመለክት ግሥ ወጥቶ፣ መዝገበ ቃላት በዐረብኛ «ሙዕጀም» ተብሏል። በአገራችን ደግሞ ቃሉ ሌላ ዕድል ገጠመው። በወሎና በሐረር ሙስሊም ሊቃውንት አማርኛንና ሐረሪን በዐረብ ፊደል ሲጽፉ ጽሕፈቱ ዐጀሚ ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት የወሎው ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን በዚህ ጽሕፈት ትተውልናል። የጎጃም ቅኔ ተማሪ የእጅ ጽሑፎቹን ለማንበብ ፊደሉን መማር ብቻ ነው የሚጎድለው፤ ቋንቋው አማርኛ ነው።